የማድረቂያ ክፍሉ እርሾ

ማን ያውራ የነበረ ይባላል። እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ እህቴ ባል የሚወራውን ሁሉ ተዉትና እኔን ስሙኝ። ግማሹ «ፋብሪካውን ያበላሸ» ይለዋል፣ ግማሹ ደግሞ ቅዱስ ሊያደርገው ይቃጣዋል። ሁለቱም አያውቁትም። እኔ አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ እሑድ እሑድ ከቤቱ አልጠፋም። በጥፊ ባልኩት ያልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ያም ሆኖ ሰው ክፉ ሲያወራበት ደሜ ይፈላል።

የምንሠራው መድኃኒት ፋብሪካ ነው። እሱ የማድረቂያ ክፍሉ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ ካለው ላቦራቶሪ ነኝ፣ ኪኒን በውሃ ውስጥ በልኩ መሟሟቱን የምፈትሽ። ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ደረቁ» ነው የሚለው። እርጥበት ጠላቱ ነው። ዝናብ የነካው ጃንጥላ ይዞ በዚያ ኮሪደር ያለፈ ሰው ወየውለት። እጁን ታጥቦ በደንብ ያላደረቀውን ሁሉ ከበር ይመልሳል። አንድ ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁን ራሳቸውን በር ላይ አቁሞ ጫማዎን ይጥረጉ ብሏቸዋል። አንዴ አይሆንም ካለ ደግሞ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ወይ ፍንክች። ስሙ በሁለቱም በኩል ልኩ ነበር። ቤት ሲገባም አያርፍም፤ የታጠበ ማንኪያ አንድ በአንድ እየወለወለ ያስቀምጣል። እህቴ «እዚህ ቤት ማልቀስ እንኳ በፈቃድ ነው» እያለች ትስቅበታለች።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህ ካልገባችሁ የቀረውም አይገባችሁም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚውጠው አንድ መድኃኒት አለ። በተፈጥሮው ክሪስታል ነው፤ እንደ ጨው ፍሬ ተደራጅቶና ተቆላልፎ የተቀመጠ። መድኃኒትነቱ ግሩም ነው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ሆድ ውስጥ አይሟሟም። እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ እኛ ያንን ቁልፍ እንፈታዋለን። ሙጫ ከምንለው ነገር ጋር በፈሳሽ እናሟሟውና በማድረቂያው ማማ ውስጥ ትኩስ አየር ላይ እንረጨዋለን። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይደርቃል። መደራጀት ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ ጊዜውን እንነሳዋለን። የሚወጣው ዱቄት ቅርጽ የለውም፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይሟሟል። ፋርማሲስቶቹ ረጅም ስም አላቸው፤ ሠራተኛው ግን «የተኛ ዱቄት» ነው የሚለው። ተኝቷል እንጂ አልሞተማ። ትንሽ እርጥበት ካገኘ ይነቃል፤ ከነቃ ደግሞ ወደ ክሪስታልነቱ ይመለሳል። ሙጫው በመሃላቸው የገባው እንዳይገናኙ ነው፤ አስተማሪ ሁለት ወሬኛ ተማሪዎች መሃል አንድ ዝምተኛ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው።

ደረቁ ይህንን ሥራ ለደመወዙ ብቻ ብሎ አልያዘውም። ልጁ፣ የእህቴ ልጅ፣ ሚጡ ነው የምንላት፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። በየቀኑ የድሮውን፣ የነቃውን መድኃኒት ስትውጥ ኖራለች፤ ብዙም አልረባትም። ትምህርት ቤት ስትወድቅ፣ ደረጃ ላይ ስትወድቅ፣ አንድ ጊዜም ሳህን ይዛ ወድቃ ቅንድቧ ተሰንጥቋል። ፋብሪካው የተኛውን ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ደረቁ ቦይለር ላይ ነበር። ለምኖ፣ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ ወደ ማድረቂያው ተዛወረ። ሚጡ አዲሱን መድኃኒት መዋጥ ከጀመረች በኋላ መውደቋ እየራቀ ሄደ፣ ከዚያም ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጣላትም። እህቴ መጀመሪያ ልጇን ለብቻዋ ሱቅ የላከቻት ቀን መስኮት ላይ ቆማ ስታለቅስ አግኝቻት አብሬ አለቀስኩ።

አሁን ወደ እርሾው ልምጣ።

ማድረቂያው ሥራ የጀመረ ሰሞን የመጀመሪያው ባች፣ በአንድ ዙር የሚሠራው ዱቄት ማለት ነው፣ ነቃ። ሁለተኛውም ነቃ። አለቆቹ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ደረቁም እንቅልፍ አጥቶ ከረመ። ሦስተኛው ባች ግን ወጣ። ከእሱ ላይ ጣት በምታህል የመስታወት ጠርሙስ ትንሽ ቀዳና በጎማ ክዳን ዘግቶ ለማስታወሻ አስቀመጠ። አራተኛው ሊጀመር ሲል ታዲያ አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ መካኒክ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ «እርሾ ሳትጨምር ነው እንዴ የምታቦካው?» አለው። ተሳሳቁ። ደረቁም እየሳቀ ከጠርሙሱ ቆንጠር አድርጎ ዱቄት መቀበያው በርሜል ውስጥ ጣል አደረገ። አራተኛው ባች ከሁሉም አምሮ ወጣ። በቃ። ከዚያ ወዲያ እርሾ ሳይገባ የተጀመረ ባች የለም። ጥሩ ባች በወጣ ቁጥርም ከእሱ ላይ ቆንጠር ተደርጎ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው እርሾ እንዳይጠፋ።

ቀልድ የነበረው ልማድ ሆነ፣ ልማዱም ሕግ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ ያ የሰው ጫማ የሚያስጠርግ ሰው፣ የማማውን ሙቀት በየሩብ ሰዓቱ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሰው፣ ያንን ቁንጥር አንድም ቀን አልጻፈውም። እኔም አውቅ ነበር። በማድረቂያ ክፍሉ መስታወት አሻግሬ አይቼው ስንወጣ «ጋሼ፣ ያ ነገር መመሪያው ላይ አለ?» ብዬዋለሁ። «እርሾ በመመሪያ ይጻፋል እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ። ምኑ ነው የሚያስቀው? እኔ እኮ ኮሌጅ የተማርኩ ሴት ነኝ። አንዲት የነቃች ፍሬ የተኙትን ሁሉ እንደምትቀሰቅስ፣ ክሪስታል የሚያየውን እየቀዳ እንደሚያድግ ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩ ነኝ። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ደህና ሲሠራ ያያችሁትን ነገር ማን ይጠረጥረዋል? ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ወደ ሚጡ ልመለስ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ኪኒኑ ይመረኛል ብላ ሶፋ ሥር ስትደብቅ ተይዛ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ ፊት ቆማ ነው የምትውጠው። ትውጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ምላሷን ታነሳለች፣ እሱ «እሺ» ሲላት ትሄዳለች። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ቀን አባቷ አዲስ ጃኬት ገዛላትና «ከዛሬ ጀምሮ አፍሽን አላይም፣ ትልቅ ሰው ነሽ» አላት። ጃኬቱን ረስታው ያቺን ቃል ነው ለሁላችንም በስልክ ያወራችው።

ስፌት ተምራ ሃያ ዓመቷ ላይ ሥራ ያዘች። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ስፌት ቤት ነው፤ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ትልቅ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሙሉ ክር። የመጀመሪያ ወር ደመወዟን ስትቀበል ለእኔ የትራስ ልብስ ሰፍታ አመጣችልኝ፣ ጠርዙ ትንሽ ጠማማ። አሁንም እሱ ላይ ነው የምተኛው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሪ ስትተኩስ ጣላት። ካውያው ክንዷ ላይ ዐረፈ፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት ሮጣ ስታነሳው ቆዳዋን ይዞ ተነሳ።

ስልኩ ሲደወል እኔና ደረቁ ሻይ ላይ ነበርን። ብርጭቆውን እንደያዘ ነው ከግቢ የወጣው። የተወሰደችበት ክሊኒክ ስንደርስ ክንዷን በፋሻ ጠቅልለውት ዓይኗ ገና በደንብ አልተገለጠም። ደረቁ አልጋው አጠገብ ቆመ። መጀመሪያ የተናገረው ቃል «አይዞሽ» አልነበረም። «ስንት ቀን ዘለልሽ?» ነበር ያላት።

«አልዘለልኩም አባዬ፤ ውጬዋለሁ።»

አላመናትም። መድኃኒቱን በገዛ እጁ ይሠራዋል፤ ሐሳቡ ወደዚያ ምን ቆርጦት ይሄዳል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባን። ቤት እንደገቡ ኪኒኑ የታሸገባቸውን ስትሪፖቿን አውጥቶ ፍሬውን ቆጠረ፤ ልክ መጣ። ልክ ሲመጣ ደግሞ «ፈልቅቀሽ ጥለሽው ይሆናል» አላት። የአልጋዋን ፍራሽ አነሳ፣ የሶፋውን ሥር በባትሪ አየ። እህቴ ለልጇ ልትከራከር ብትሞክር በዓይኑ ዝም አሰኛት። እኔስ? እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ሚጡን ለብቻዋ ጓዳ ጠራኋትና፣ ለእኔ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም፣ በዚህ ዕድሜ መሰልቸት ያለ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺም፣ አክስቴ?»

እስከ ዛሬ ያቺ ቃል ትዝ ስትለኝ ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ አፍ መክፈቱ ተመለሰ። እስቲ እግዜር ያሳያችሁ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ አንድ ክንዷ በፋሻ ተንጠልጥሎ፣ አባቷ ፊት ቆማ ምላሷን ታነሳለች። እሱም ጎንበስ ብሎ ያያል። «እሺ» ሲላት ምንም ሳትናገር ክፍሏ ትገባለች። ከእናቷ ጋር ታወራለች፣ ከእኔ ጋር በግድ ታወራለች፤ ከእሱ ጋር ግን ቃል አልነበራትም። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ጥፋት ምስክር ቆጠረው።

በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ኪኒኑን ውጣ፣ አፏን ከፍታ፣ «እሺ» ተብላ፣ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል እዚያው እግሩ ሥር ጣላት።

ያን ቀን ደረቁ ላቦራቶሪዬ መጣ። ጋዋኑን አዛንፎ ነው የቆለፈው፤ ይህ በአሥራ አምስት ዓመት አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። ከሚጡ ስትሪፕ ላይ በመቀስ ከነማሸጊያቸው የቆረጣቸውን ስድስት ኪኒኖች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ፈትሺልኝ» አለ።

መሣሪያዬ ስድስት የመስታወት ማሰሮ ነው። ውሃው በሰው ገላ ሙቀት ልክ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ማማሰያ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጤነኛ ኪኒን ሲገባበት ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ በሩብ ሰዓት ውሃው ጥርት ይላል። የሚጡዎቹ ፈረሱ፤ ግን ዱቄቱ ታች እንደ አሸዋ ተኛ። ማማሰያው ይዞራል፣ አሸዋውም አብሮ ይዞራል። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሰዓት ሊሞላ ሆነ። ከመቶው ሰማንያው መሟሟት ሲገባው አርባም አልደረሰ። ወንበር አቀረብኩለት፣ አልተቀመጠም። ግንባሩ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ውጣዋለች» አለ፣ ቀስ ብሎ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

ለጥራት ኃላፊያችን ነገርናቸው። ጥንቁቅ ሴት ናቸው፣ ሲናገሩም አይጮሁም። የየባቹ ናሙና ሆን ተብሎ በሙቀትና በእርጥበት የሚፈተንበት ቁም ሳጥን አለን። ከእሱ ውስጥ የሚጡ ኪኒን የመጣበትን ባችና ጎንና ጎኑ ያሉትን ሁለቱን አስወጡ። ሦስቱም ነቅተዋል፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ግን በእኔው እጅ ተፈትሸው አልፈው ነበር። ከእነሱ በፊት የተሠሩት ስድስቱ ሲፈተሹ በጭንቅም ቢሆን አለፉ። ጉድ ፈላ፣ ስብሰባ ተጠራ። ሦስቱ የተሠሩት ከአዲስ ሻጭ በመጣ ሙጫ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም በአንድ አፍ ይኸው ተገኘ አለ። ሙጫው አፍ የለው፣ ሻጩ ሩቅ ነው፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሦስቱ ባቾች ከገበያ ይሰብሰቡ፣ ሙጫው ይመለስ፣ በድሮው ሙጫ ሥራ ይቀጥል ተባለ። ደረቁም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ። ፊቱ ላይ እፎይታ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። እኔም እፎይ ብያለሁ። ጥፋተኛው ሙጫ ነው ብሎ ቤት መግባት ቀላል ነው።

ከስብሰባው በሁለተኛው ቀን ጠዋት አዲሱ ባች ሊጀመር ሆነ። እኔ የውሃ ናሙና ልወስድ መጥቼ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜያለሁ። ደረቁ እንደ ልማዱ ጠርሙሱን አውጥቶ ጥቁር ወረቀት ላይ ቆንጠር አደረገ። እጁ ቆመ። ዱቄቱን በጓንቱ ጫፍ አሸት አደረገው። ጓንቱን አወለቀና በባዶ ጣቱ እንደገና አሸው፤ ኋላ እንደነገረኝ እንደ አሸዋ ሻክሮታል። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ወረቀቱን አጥፎ፣ ማማውን ሳያስነሳ ወጣ።

ማይክሮስኮፕ ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። እዚያ ያለው ማይክሮስኮፕ ልዩ መስታወት ሲገባበት የተኛ ዱቄት ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም አይታይም። ክሪስታል ካለበት ግን ያበራል። ደረቁ ቀድሞ አየ፤ ብዙ አየ። ከዚያ ቦታውን ለቀቀልኝ። ዓይኔን ሳሳርፍ ክው አልኩ። ከዳር እስከ ዳር ያበራ ነበር።

የጠርሙሱ የጎማ ክዳን፣ ያኔ ነው የነገረኝ፣ በዝናቡ ሰሞን ተሰንጥቆበት ነበር፤ ሌላ እስካገኝ ብሎ በፕላስተር ጠቀለለው፣ ከዚያ ረሳው። ፕላስተር! ጃንጥላ ከኮሪደር የሚያባርር ሰው! ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ባች ሠርቷል። በዘጠኙም ውስጥ የነቃውን በገዛ እጁ ቆንጥሮ ጨምሯል። መጀመሪያ ትንሽ ነበር የነቃው፤ እያደር በዛ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ፈነዳ። እነዚያ በጭንቅ ያለፉት ስድስቱም ያው ናቸው፤ በየፋርማሲው መደርደሪያ፣ በየሰው መሳቢያ ተቀምጠው ቀስ እያሉ ይነቃሉ። ክዳኑ መቼ እንደተሰነጠቀ ደግሞ በዓለም ላይ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አሁን እኔ ተጨመርኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። አፌን መጀመሪያ የከፈትኩት ዝም በል ብዬ ለመለመን ነው። ጠርሙሱን ጣለው አልኩት። ሰበብ ፈልግና ክፍሉን አሳጥበው፣ ማንም አይጠይቅህም። ዘጠኙም ከተሰበሰቡ አንድ ፍሬ የተኛ ኪኒን የሚገኝበት ቦታ አይኖርም፤ ያ ሁሉ ቱቦና ማጣሪያ እስኪጸዳ ወራት ይፈጃል፤ ሚጡ ምን ልትውጥ ነው? ከስድስቱ ውስጥ ደህና የቀረ ፍሬ ይኖር ይሆናል፣ እሱንም ልትነሳት ነው? አንተስ ከዚህ ክፍል ከወጣህ ምን ቀረህ? ጮኼበት ነበር መሰለኝ፤ የገዛ ድምፄ ግድግዳው ላይ ሲመለስ ሰማሁት። እሱ የወረቀቱን ጠርዝ እያጠፈ አስጨረሰኝ።

«በሌላ ሰው ቤት ያለችውስ ልጅ?» አለኝ። «አሁን እኮ አባቷ አፍሽን ክፈቺ እያላት ነው።»

ኮሌጄም፣ ምላሴም የትም አላደረሱኝም።

በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ አልሄደም፤ መጀመሪያ የሄደው መዝገብ ቤት ነው። የባቾቹን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ የእያንዳንዱ ኅዳግ ላይ «ከአሮጌ ባች አንድ ቁንጥር ጨምሬያለሁ፤ በጊዜው አልጻፍኩትም» እያለ የዕለቱን ቀን አስፍሮ ፈረመ። ዘጠኙን ጨርሶ ወደ ኋላ እየሄደ፣ እስከዚያ የቀልድ ቀን እስከ አራተኛው ባች ሊወርድ ሲል ኃላፊዋ ደረሱ። ብዕሩን ከእጁ ወሰዱት። ጠርሙሱን ሰጣቸው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንቺስ ታውቂ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አውቅ ነበር አልኳቸው። የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ከሥራ ስንወጣ አብሬው ቤቱ ሄድኩ። ብቻውን መተው ፈርቼ ነው። ሚጡ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ በደህናው እጇ የአሮጌ ቀሚስ ስፌት ትተረትራለች። እህቴ ድስት እያጠበች ነበር። እሱ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ነገራት። እርሾውን ነገራት፣ ክዳኑን ነገራት፣ ፕላስተሩን ነገራት፣ ከነገ ጀምሮ መድኃኒቱ ከየቦታው እንደሚሰበሰብና ለእሷም እንደማይኖር ነገራት። እህቴ የታጠበው ድስት ውሃው እየተንጠባጠበ በእጇ እንደያዘችው ቀረች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚንጠባጠብ ነገር እያየ ምንም አላለም።

ሚጡ ስለ ጠርሙሱ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። መተርተሪያውን አስቀመጠች።

«ውጬዋለሁ ብዬህ ነበር» አለችው።

«ብለሽኛል።»

«ስንት ጊዜ ነው ያልኩህ?»

ቀሚሱን ሰብስባ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ወራት ማስታወስ አልወድም። ዘጠኙ ባቾች ተሰበሰቡ። ማማው እስከ ብሎኑ ተፈታ፣ ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ማጣሪያው ተቃጠለ፣ የክፍሉ ጋዋን ሁሉ ተጣለ። ደረቁን አላባረሩትም፤ የካርቶን መጋዘን ሰጡት። የሠራተኛው እርጥብ ጃንጥላ ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ቀልድ መስሏቸው አይደለም፣ ግን ሲታይ ቀልድ ይመስላል። ሰዉም ጨክኖበታል። መድኃኒት ፈላጊው በር ላይ እየመጣ ሲያለቅስ የሚያይ ዘበኛ ሰላምታውን አይመልስለትም ነበር። እሱም አይቀየምም።

ሚጡ ወደ ድሮው፣ ወደ ነቃው መድኃኒት ተመለሰች። ጣላት። መታጠቢያ ቤት ጣላት፣ መንገድ ላይ ጣላት፣ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጣላት። የስፌት ቤቱ ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ ግን ደንበኛ ይደነግጣል፣ ካውያም አለ፣ ሲሻልሽ ትመጫለሽ ብላ ላከችባት። ደረቁ የቤቱን ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ጠርዝ ሁሉ በስፖንጅ ሸፈነ። አፍሽን ክፈቺ ማለቱን ትቷል፤ እሷም በሯን ዘግታ ነው የምትውጠው። በተነሳች ቁጥር ደጋፊዋ እናቷ ናት። እሱ አጠገቧ ይንበረከካል፣ ዓይኗን ስትገልጥ ግን ተነስቶ ገለል ይላል፤ መጀመሪያ የምታየው ፊት የእሱ እንዳይሆን። ያን ሰው ያኔ ያየ ሰው ፋብሪካ አበላሸ ብሎ ባላወራ ነበር።

አዲሱ ባች ያለ እሱና ያለ እርሾ ተሠራ። ናሙናው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆይቶ በጥድፊያ መጣልኝ። ስድስት ማሰሮ፣ ስድስት ኪኒን። አበጡ፣ ፈረሱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ጥርት አለ። ቁጥሩን ጻፍኩና ወደ መጋዘኑ ወርጄ ነገርኩት። ካርቶን ተሸክሞ ነበር፤ አላወረደውም። «ማይክሮስኮፑስ?» አለኝ። ጨለማ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ካርቶኑን ወደ ቦታው ወሰደው።

ከፋብሪካ አንድ ፍሬ አላወጣሁም፣ ያ ሳይመዘገብ የመቆንጠር ወግ ይቅርብን። አዲሱ ባች ፋርማሲ የገባ ዕለት ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቆሜ ጠበቅኩና ስትሪፑን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ደረቁ ለሥራ ለባብሶ ዳቦውን ሳይነካ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። እህቴ በሩ ላይ ናት። ሚጡ ስትሪፑን ተቀበለችኝ፤ ክንዷ ላይ ጠባሳው የካውያውን ጫፍ መስሎ ቀርቷል። አንድ ፍሬ አወጣች። ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። ወደ ክፍሏ ትገባለች ብዬ ሳስብ መጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ዋጠችው። አፏን ከፈተች።

«ግድ የለም ሚጡ፤ ዝጊው» አለ፣ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መልሶ።

አልዘጋችም። ምላሷን አነሳችና ቆማ ጠበቀችው። እሱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ግን አየ፤ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ በደንብ አየ።

«ውጠሻል» አለ።

ያኔ አፏን ዘጋች፤ ብርጭቆዋን አለቅልቃ ሳታደርቀው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።